በጣሪያ የገባው ቴሌቪዥን

ጅማ፣ እናቴ ቤት ጣሪያ ላይ ሁለት ዲሽ አለ። አንደኛው ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ዞሯል። ጠርዙ ዝጓል፣ እግሩ በሽቦ ተጠፍንጓል። ሁለተኛው አዲስ ነው። እሱ ፀሐይ ወደምትወጣበት ዞሮ ወደ ሰማይ ቀና ብሏል። ከግቢው በር ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ከተማው ላየ ሰው በየቆርቆሮው ላይ ያለው ይኸው ነው። ጥንድ ጥንድ ዲሽ፣ ጀርባ ተሰጣጥቶ።

የግል ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ እንዴት ተወለደ፣ እንዴትስ አደገ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ እነዚህን ጣሪያዎች ነው የማሳየው። በሩ ለዓመታት ተዘግቶበት ነበር። ስለዚህ በጣሪያ ገባ። እንዲህ መግባቱ ዛሬ ምን እንደሚያሳየንና ምን እንደማያሳየን ወስኗል ብዬ አምናለሁ። ጅማ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ሰው ይህ በደንብ ይታያል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. በንጉሡ ዘመን ነው። የመጀመሪያው ስቱዲዮ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለም የመጣው በ1977 ዓ.ም.፣ ደርግ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብርና ኢሠፓን ሲመሠርት ነው። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን አገሩ በሙሉ የሚያየው አንድ ጣቢያ ነበር። አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ የጅማም፣ የጎንደርም፣ የሐረርም ልጅ እኩል ይቀመጣል። እሁድ ከሰዓት ደግሞ «120» የተባለው መዝናኛ ነበር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤቱን ሁሉ ያስገባል። እኛ ሰፈር ቴሌቪዥን የነበራቸው አንድ ነጋዴ ነበሩ። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን እንገባለን። ጨዋ የሆነው በርጩማ ይሰጠዋል፣ የሚረብሸው መሬት ይቀመጣል።

መንግሥት ሲለወጥ ሕጉም ተለወጠ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃ የመግለጽ መብትን አሰፈረ። የግል ጋዜጦችና መጽሔቶች እንደ አሸን ፈሉ። የብሮድካስት አዋጅም በ1991 ዓ.ም. ወጣ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 533 ተተካ። በወረቀት ላይ ግለሰብ ጣቢያ መክፈት ይችላል። በተግባር ግን ፈቃዱ የተሰጠው ለሬድዮ ነው። ሸገር ኤፍኤም 102.1 እና ዛሚ ኤፍኤም 90.7 በ2000 ዓ.ም. ገደማ አየር ላይ ዋሉ። ቴሌቪዥን ሲባል ነገሩ ይቆማል።

ለምን? እኔ የማምነውን ልናገር። ጋዜጣ የሚያነበው ፊደል የቆጠረ ከተሜ ነው። ሬድዮ ደግሞ በኤፍኤም ከሆነ ከከተማው ብዙ አይርቅም። ቴሌቪዥን ግን ያልተማረውም፣ ሕፃኑም፣ ሽማግሌውም ጋ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። በዚያ ላይ ምስል አለው። መንግሥታት ሁሉ እሱን ነው መጨረሻ ላይ የሚለቁት። አዋጅ 533 በተጨማሪ ካፒታሉ ወይም አመራሩ በውጭ ዜጎች እጅ የሆነ ድርጅት ፈቃድ እንዳያገኝ ከልክሏል። ይህ ማለት ገንዘብም ልምድም የነበረው፣ ግን የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ የአገር ልጅ በዋናው በር መግባት አይችልም።

በዚህ መሃል ነው ኢቢኤስ የተባለው የግል ጣቢያ የመጣው። በአውሮፓውያኑ 2008፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለውን ሐበሻ የሚያውቅ ሰው ቦታውን ያውቀዋል። የመሠረቱት በአሜሪካ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ድርጅቱ እዚያ ተመዘገበ፣ ምስሉ ግን የሚወርደው እዚህ ነው። የሳተላይት ነገር እንዲህ ነው። ሳተላይቱ ላይ ቦታ ተከራይተህ ምስልህን ወደ ላይ ትልካለህ። እሱ መልሶ ወደ ምድር ይረጨዋል። ዲሽና ሪሲቨር ያለው ሁሉ ይይዘዋል። በየተራራው ማሰራጫ መትከል፣ በየከተማው ፍሪኩዌንሲ መለመን የለም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዲሹ ኢቢኤስን ቀድሞ ነው ጅማ የደረሰው። ሰው ዲሽ የገዛው የዓረብ ቻናል ለማየት ነበር። ወጣቱ ለፊልም፣ ለኳስ። እናቶች ለሙዚቃ። ረመዳን ላይ ደግሞ ከመካ የሚተላለፈውን ተራዊሕ ለማየት ስንት ቤት ተበድሮ ዲሽ እንዳስተከለ እኔ አውቃለሁ። ቆርቆሮው ላይ የወጣው፣ ሽቦውን በመስኮት ያስገባው፣ ለሪሲቨሩ ዕቁብ የጣለው ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ የግል ቴሌቪዥን ኔትወርክ የሚባለውን ነገር ከኪሱ አውጥቶ የዘረጋው ተመልካቹ ራሱ ነው። ጣቢያዎቹ ሲመጡ መንገዱ ተሠርቶ ጠበቃቸው።

ኢቢኤስ ያደገበት መንገድም ልብ ሊባል ይገባል። ብዙዎቹ የግል ጣቢያዎቻችን ሁሉንም ፕሮግራም ራሳቸው አይሠሩም። አዘጋጁ የአየር ሰዓት ይወስዳል፣ ስፖንሰር ያፈላልጋል፣ ፕሮግራሙን ሠርቶ ያመጣል፤ ወይም ከጣቢያው ጋር ገቢውን ይካፈላል። ይህ አሠራር ትንሽ ካፒታል ላለው ጣቢያ ጥሩ ነው። ስቱዲዮ ሙሉ ሠራተኛ ሳይቀጥር ሳምንቱን ይሞላል። ሰውም አፈራ። የሰይፉ ፋንታሁን ሾው እሁድ ማታ ቤተሰቡን የሚሰበስብ ሆነ። ዮሴፍ ገብሬ «ጆሲ ኢን ዘ ሀውስ» ብሎ ጀምሮ በኋላ ራሱ ጄቲቪን እስከ መክፈት ደረሰ። ከኢቲቪ ዜና በኋላ ሌላ ነገር ማየት እንደሚቻል ሰው ያወቀው ያኔ ነው። አቅራቢው ይስቃል፣ እንግዳው ስለ ፍቅሩ ይጠየቃል፣ ስለ ልማት ዕቅድ የሚነበብ ወረቀት የለም። ያን ጊዜ የነበረው ደስታ ቀላል አልነበረም።

በእኛው 2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና የተባለው ጣቢያ መጣ። ከዱባዩ ሞቢ ግሩፕ ጋር ሽርክና ገብቶ ነው የተነሳው። የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ተሞልቶ ቀረበ። ጅማ ላይ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መንገዱ ጭር ይላል ብል አላጋነንኩም፤ ቢያንስ በእኛ ሰፈር እንዲያ ነበር። የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪዎችና ተዋንያን ግን አምርረው ተቃወሙ። የውጭ ድራማ ገዝቶ ድምፅ መሙላት ከባዶ ከመሥራት በጣም ይረክሳል፣ እኛ እንዴት እንወዳደር አሉ። ሥጋታቸው እውነት ነበረው። ያም ሆኖ የቃና ድምፅ ሰጪዎች ወጣት ተዋንያን ነበሩ። ጥርት ያለ ምስልና በሰዓቱ የሚጀምር ፕሮግራም ምን እንደሚመስልም ቃና አሳይቷል። እኔ ከጉዳቱ ጥቅሙ ያመዝናል ከሚሉት ወገን ነኝ።

ሰማዩ ግን የመዝናኛ ብቻ አልነበረም። ኢሳት በ2002 ዓ.ም.፣ ኦኤምኤን በ2006 ዓ.ም. ከውጭ ሆነው መሰራጨት ጀመሩ። የእነሱ ነገር ፖለቲካ ነው። ሲግናላቸው ይታፈናል፣ ፍሪኩዌንሲ ይቀይራሉ፣ ሰው እንደገና ሰርች ያደርጋል። በ2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሁለቱን ጣቢያዎች ማየትን ራሱ ከለከለ። ኦሮሚያ ውስጥ ዲሽ ከጣሪያ የተነቀለበት ጊዜም ነበር። ቤት ውስጥ ድምፅ ቀንሶ፣ መጋረጃ ዘግቶ ዜና ማየት ምን እንደሚመስል ጅማ ያለ ሰው ያስታውሳል። በ2010 ዓ.ም. ነገር ሲለወጥ ሁለቱም አገር ቤት ገቡ። ኦኤምኤን ግን ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ሰሞን የአዲስ አበባ ቢሮው ተዘጋ። በዚያው ዘመን አካባቢ እነ ናሁ፣ ኤልቲቪ፣ አርትስ፣ አሻም ሁሉ ብቅ አሉ። ኢኤንኤን የሚባለው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

አሁን ወደ እናቴ ሁለተኛ ዲሽ ልመለስ።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ተሰባስበው ወደ አንድ ሳተላይት ገቡ። ኢትዮሳት የተባለው ነው። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከሉክሰምበርጉ የሳተላይት ድርጅት ኤስኢኤስ ጋር ተስማምቶ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ባለው ሳተላይት ቦታ ያዙ። ከዚያ በፊት የሚታዩት በናይልሳት አቅጣጫ፣ 7 ዲግሪ ምዕራብ አካባቢ ነበር። ናይልሳት የግብፅ ነው። ጊዜውም የህዳሴው ግድብ መሞላት የጀመረበት ነው። ሰው ሁለቱን አያይዞ ያወራ ነበር።

ለተመልካቹ ግን ነገሩ አንድ ነበር፦ ዲሽ ማዞር። ያኔ ነው ዲሽ የሚሠራልን ልጅ የመጣው። መሰላል የለም። ከአጥሩ ወደ ኩሽናው፣ ከኩሽናው ወደ ትልቁ ቤት ቆርቆሮ ተሻገረ። ሐምሌ ስለሆነ ቆርቆሮው ያንሸራትታል። እናቴ በር ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ቴሌቪዥኑን ታያለች፣ ወደ ላይ ትጮኻለች።

«አንተ ልጅ፣ እንዳትወድቅብኝ! ኧረ ጠፋ፣ ጭራሽ ጠፋ!»

«እማማ፣ ይታገሱኝ፣ ሲግናሉን ብቻ ይንገሩኝ። ስንት ፐርሰንት ይላል?»

«እኔ ፐርሰንት ምን አውቄ። ቢጫዋ መጣች… አረንጓዴ ሆነች። ቁም! እዚያው ቁም!»

ቆመ። ቻናሎቹ ተደረደሩ። ከዚያ እናቴ የጠየቀችው የመጀመሪያ ጥያቄ «መካስ?» የሚል ነበር። መካ የለም። እሱ በምዕራቡ በኩል ነው። ስለዚህ አሮጌው ዲሽ ተመልሶ ተተከለ፣ አዲስ ተገዛ፣ ሁለቱ በአንድ መቀያየሪያ ተያያዙ። ለዚህም የከፈለችው እሷ ናት። በመላው አገሪቱ ስንት ጣሪያ ላይ ይህ እንደሆነ አስቡት። አሁንም ኔትወርኩን ያሳደሰው ተመልካቹ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የከፈለ ተመልካች በምላሹ ምን አገኘ? እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ ያለው።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምስሉ ያንን ርቀት በቅጽበት ይመጣል። ካሜራው ግን አይመጣም። ሲመጣም ሦስት ነገር ቀርጾ ይመለሳል፦ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ የቡና ዛፍ፣ ሦስት እግር ያለውን በርጩማ። አንዴ ከአዲስ አበባ የመጣ የቀረጻ ቡድን ሰፈራችን ገብቶ አንድ አናጢ አባት ከአንድ ግንድ በርጩማ ሲፈለፍሉ ቀረጸ። ሰውዬው ሥራቸውን አቁመው ስለ እንጨት ውድነት፣ ስለ ቀረጥ፣ ልጆቻቸው ሙያውን ስላልተረከቡት ግማሽ ሰዓት አወሩ። ፕሮግራሙ ሲወጣ ሁላችንም ተሰብስበን አየን። የታየው እጃቸው ነው። መጥረቢያው፣ ፍልፋዩ፣ ከጀርባው ዋሽንት። ድምፃቸው አንዴም አልተሰማም። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ሻያቸውን ጨርሰው ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ይህ የሚሆነው ጋዜጠኞቹ ጅማን ስለናቁ አይመስለኝም። የገንዘቡ አመጣጥ ነው። የሳተላይት ኪራይ በዶላር ይከፈላል። ማስታወቂያ የሚሰጡት ባንኮች፣ ሪል ስቴቶች፣ ትልልቅ አስመጪዎች ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ ነው። የጅማ ሆቴል ባለቤት ማስታወቂያ ማሠራት ቢፈልግ ጅማ ላይ ብቻ የሚታይ ሰዓት የሚባል ነገር በሳተላይት የለም። ሰማዩ ለሁሉም እኩል ነው የሚያዘንበው። ለጅማ ሰው ለመታየት የመላ አገሪቱን ዋጋ መክፈል አለበት። አይከፍልማ! በምድር ማሰራጫ ቢሆን ኖሮ ለአንድ ከተማ ለብቻ መክፈት ይቻል ነበር። በጣሪያ መግባት ያመጣው ጣጣ ይህ ነው። ፍጥነትና ስፋት ሰጠ፣ የአካባቢ ገበያ ግን አልሰጠም። የአካባቢ ገቢ ከሌለ የአካባቢ ዘጋቢ አይቀጠርም። በዚያ ላይ አዘጋጁ ራሱ ስፖንሰር አምጪ ከሆነ፣ ጅማ ድረስ ለመምጣት ነዳጅና አበል የሚችልለት ሰው ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ስፖንሰር ደግሞ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ነው፤ እሱ እንዲታይ የሚፈልገው ሪባን ሲቆረጥ ነው።

የጣቢያዎቹ ኪስም ተመናምኗል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬድዮ አስወጣ። ለጤና ጥሩ ሕግ ነው፣ እኔ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የቢራ ፋብሪካዎች የጣቢያዎቹ ምሰሶ ነበሩ፣ ምትካቸው በቶሎ አልተገኘም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሳተላይቱ ሒሳብ በዶላር፣ የማስታወቂያው ገቢ በብር። በዚህ ሒሳብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከአዲስ አበባ መውጣት ነው።

ጅማ በቀጥታ ስትታይ ያየሁበት ጊዜ ግን አለ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በገባበት ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። ከተማው ያን ሌሊት አልተኛም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሊጉ ጨዋታዎቹን እንዲያስተላልፍ ከደቡብ አፍሪካው ዲኤስቲቪ ጋር ተዋዋለ። ውሉ የ5 ዓመት፣ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የሊጉ ጨዋታዎች በተወሰኑ ከተሞች ዙር በዙር ሲካሄዱ አንዱ ዙር የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ደረሰው። ኮሮና ስለነበር ተመልካች አይገባም። ስለዚህ ከስታዲየሙ ጥቂት ርቀት ላይ ሆነን፣ ካፌ ውስጥ በስክሪን አየነው። ካሜራው ከሜዳው ከፍ ብሎ አረንጓዴውን ኮረብታ ሲያሳይ ካፌው በሙሉ ጮኸ። ጎል አልገባም እኮ! የጮኽነው ለኮረብታው ነው። አንድ አሳላፊ ትሪውን እንደያዘ ቆሞ «ያ የኛ ሰፈር ነው» ይላል፣ ማንም አይሰማውም። ጅማን እንዲህ አድርጎ ለአገሩ ያሳየው የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ነው።

የቋንቋውም ነገር አለ። ጅማ ሁለት ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር የምትናገር ከተማ ናት። ገበያ ላይ በኦሮምኛ ዋጋ ይጠየቃል፣ በአማርኛ ይከራከራሉ፣ ሲስማሙ መልሰው በኦሮምኛ ይመራረቃሉ። ትልልቆቹ የግል መዝናኛ ጣቢያዎች ግን በዋናነት አማርኛ ናቸው። ኦሮምኛ የሚፈልግ ወደ ኦቢኤን ይሄዳል፣ እሱም የክልሉ መንግሥት ነው። እናቴ ማታ ማታ ሪሞቱን ይዛ በሁለቱ መካከል ስትመላለስ አያለሁ። አማርኛ የሚናገረውም ኦሮምኛ የሚናገረውም አንድ ቡና በሚጠጣበት ከተማ፣ ሁለቱንም አብሮ የሚያስቅ አንድ የግል ፕሮግራም ቢሠራ ተመልካች ያጣል ብዬ አላስብም።

በዚህ ሁሉ ላይ ሕጉ አለ። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ፣ ቁጥር 1238፣ ሲወጣ ብዙ ሰው ተስፋ አድርጎ ነበር። መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ ኢቢኤስ ያስተላለፈው አንድ ቃለ መጠይቅ ትልቅ ውዝግብ አስነሳ። ጣቢያው በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ፕሮግራሙን አገደ፣ ሠራተኞችም ታሰሩ። ሳይጣራ የቀረበ ታሪክ ስህተት ነው፣ መታረም አለበት። እስር ግን ማረሚያ አይደለም። በቀጣዩ ወር ፓርላማው አዋጁን አሻሻለ። የባለሥልጣኑን ዋና ዳይሬክተር የመሾሙ ነገር ከፓርላማው ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዞረ፣ ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣኑም ሰፋ። ዛሬ ጣቢያዎቹ አገር ውስጥ ናቸው፣ ሠራተኛቸውና ንብረታቸው እዚህ ነው። ያን ጊዜ ጣሪያ ላይ ሆነው የነበራቸው መከለያ የለም። እንዲህ ሲሆን ጅማ ድረስ መጥቶ ስለ ቡና ገበሬው ዕዳ ወይም ስለ መሬት መጠየቅ ከወጪውም በላይ ያስፈራል። ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ በርጩማው መሥራት ግን ማንንም አያስከፋም።

ያም ሆኖ ጅማ ባዶ እጇን አይደለችም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ያስተምራል። የራሱ የማኅበረሰብ ሬድዮ አለው። ማይክ ይዘው የሠለጠኑ ልጆች በየዓመቱ ይመረቃሉ። ሲመረቁ ሻንጣቸውን ይዘው፣ ግቤን ተሻግረው አዲስ አበባ ይገባሉ። ከእነሱ አንዱን እዚሁ ማስቀረት ስንት ያስወጣል? ስልክ፣ ኢንተርኔት፣ መጠነኛ ደሞዝ። ለአንድ ክፍል ፕሮግራም ከአዲስ አበባ መኪና ከነሠራተኛው ከመላክ የሚበልጥ አይመስለኝም። ሦስት ጣቢያዎች ተጋርተው አንድ ዘጋቢ ጅማ ላይ ቢያኖሩስ? በሳተላይቱ ተስማምተው የለም እንዴ?

ባለፈው ሰሞን ዲሽ የሚሠራልንን ልጅ እዚሁ ጅማ መርካቶ አገኘሁት። ሱቁ ውስጥ አሁን የሚበዛው የስልክ ስክሪንና ቻርጀር ነው። ዲሽ የሚያስተክል እየቀነሰ መሆኑን ነገረኝ። ወጣቱ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ነው። የሰይፉንም ቁርጥራጭ እዚያው ነው የሚያየው። «አሁን የሚጠሩኝ እናቶች ናቸው፣ ክረምት ሲገባ ሲግናል ሲቆራረጥባቸው» አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። የአጋሮ ልጅ ነው የሚያወራው፣ ቡና ማሳ ውስጥ ቆሞ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ። ዘንድሮ እሸት ቡና በኪሎ ስንት እየተገዛ እንደሆነ፣ ማን በሰዓቱ እንደሚከፍልና ማን እንደሚያዘገይ ይናገራል። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ንፋሱ ድምፁን ይውጠዋል።

ለእናቴ ወስጄ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው። እንደገና ክፈትልኝ አለች። ሲያልቅ ቀና ብላ ወደ ትልቁ ቴሌቪዥን እያየች፣

«ይሄ ልጅ በየትኛው ቻናል ነው የሚወጣው?» አለችኝ።